የዳነ ሰው ይጠፋልን?

በክርስትና ትምህርት ውስጥ ምእመናንን ለዘመናት ሲያነጋግሩ ከኖሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ በኢየሱስ ክርስቶስ አምኖ የዳነ ሰው ያገኘውን ድነት መልሶ ሊያጣ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። አይችልም የሚሉት ወገኖች ትምህርታቸውን «የድነት ዘላለማዊ ዋስትና» ብለው ይጠሩታል፤ በኢትዮጵያ ወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ «አንዴ የዳነ ለዘላለም ድኗል» በሚል አጭር አባባል ይታወቃል። አባባሉ ለመያዝ የሚቀል ቢሆንም የትምህርቱን ግማሽ ብቻ ስለሚናገር፣ የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ትምህርቱ መጀመሪያ ሲቀረጽ ባልተባለ ነገር ላይ ነው። ትምህርቱን መልክ አስይዘው በጽሑፍ ያሰፈሩትን ሰዎች ያስጨነቃቸው ጥያቄ፣ ደካማ የሆነው አማኝ እስከ መጨረሻው የሚደርሰው በማን ኃይል ነው የሚለው ነበር፤ አማኝ እንዳሻው ኃጢአት ቢሠራ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህ ካልታየ የክርክሩ ታሪክ በቅጡ ሊገባ አይችልም።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ ጥቂት ቃላትን መለየት ያሻል። ድነት ወይም ደኅንነት የሚባለው ሰው ከኃጢአትና ከፍርዱ ነጻ ወጥቶ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቁ ሲሆን፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ይህ የሚገኘው በጸጋ፣ ማለትም ለማይገባው ሰው በሚሰጥ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእምነት አማካይነት እንደሆነ ያስተምራሉ። ጽድቅ እግዚአብሔር ያመነውን ሰው ስለ ክርስቶስ ሲል ጻድቅ ብሎ መቍጠሩ ነው፤ ዳግም ልደት ሰውየው በመንፈስ ቅዱስ አዲስ ሕይወት መቀበሉ ነው፤ ቅድስና ደግሞ ያ ሕይወት ዕለት ዕለት እያደገ መሄዱ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነሡት ሦስት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የዋስትና ጥያቄ ነው፤ እግዚአብሔር የጀመረውን ይፈጽማልን? ሁለተኛው የጽናት ነው፤ ያመነው ሰው እስከ ሞት በእምነቱ ይኖራልን? ሦስተኛው የእርግጠኝነት ነው፤ ሰውየው ራሱ መዳኑን በሕይወት ሳለ ሊያውቅ ይችላልን? ለመጀመሪያው «አዎ» ያለ ሰው ለሦስተኛው «አይችልም» ሊል እንደሚችል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደጋግሞ ያሳያል።

ሁለቱም ወገኖች የሚነሡት ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ክርክሩን ያረዘመውም ሁለቱም የሚጠቅሷቸው ክፍሎች ጠንካራ መሆናቸው ነው። ዋስትናን የሚያስተምሩት ከሁሉ አስቀድመው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ያነሣሉ፤ በዚያ ኢየሱስ በጎቹ ድምፁን እንደሚሰሙ፣ የዘላለም ሕይወት እንደሚሰጣቸው፣ ከእርሱም ከአባቱም እጅ ማንም ሊነጥቃቸው እንደማይችል ይናገራል። ጳውሎስም በሮሜ 8 መጨረሻ ላይ ሞትም ሆነ ሕይወት፣ ያለውም ሆነ የሚመጣው፣ አማኙን ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየው እንደማይችል ያስረዳል፤ በኤፌሶን 1 ደግሞ ያመኑት በመንፈስ ቅዱስ እንደታተሙና ይህ መንፈስ የርስታቸው መያዣ እንደሆነ ይጽፋል። በአንጻሩ ድነት ሊጠፋ ይችላል የሚሉት በዮሐንስ 15 በወይኑ ግንድ ሳይኖር ቀርቶ ተጥሎ ስለሚቃጠለው ቅርንጫፍ፣ በሮሜ 11 ጸንተው ካልኖሩ እነርሱም እንደሚቈረጡ ከአሕዛብ ወገን ላመኑት ስለተነገረው ማስጠንቀቂያ፣ በገላትያ 5 ከጸጋ ስለወደቁት፣ በማቴዎስ 24 እስከ መጨረሻ ለሚጸናው ስለተሰጠው ተስፋ ይናገራሉ።

ሁለቱን ወገኖች ከሁሉ ይልቅ ያፋጠጠው ግን የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 6 ነው። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸው፣ ሰማያዊውን ስጦታ የቀመሱ፣ ከመንፈስ ቅዱስም ተካፋዮች የሆኑ ሰዎች ከካዱ በኋላ እነርሱን እንደገና ለንስሐ ማደስ እንደማይቻል ይናገራል። ድነት ይጠፋል የሚሉት፣ ከመንፈስ ቅዱስ የተካፈለ ሰው ካልዳነ እንግዲህ የዳነው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ከዋስትና አስተማሪዎች ብዙዎቹ ሲመልሱ፣ እነዚህ ሰዎች በጉባኤው መካከል ሆነው የጸጋን ሥራ በቅርብ ያዩ እንጂ ከልብ ያመኑ አልነበሩም ይላሉ፤ ለዚህም ምስክር የሚያደርጉት ወዲያው በቍጥር 7 እና 8 የተነገረውን፣ ዝናቡን ጠጥቶ መልካም ቡቃያ የሚያወጣውንና እሾኽ የሚያበቅለውን መሬት፣ ደግሞም ጸሐፊው በቍጥር 9 ስለ አንባቢዎቹ ግን ለመዳን የሚሆን የሚበልጥ ነገር እንዳለ እንደሚታመን መግለጹን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ለእውነተኛ አማኞች የተጻፈ ነው፣ ሆኖም እግዚአብሔር እንዳይወድቁ የሚጠብቃቸው በዚሁ ማስጠንቀቂያ አማካይነት ነው ይላሉ። በሌላ በኩል ክፍሉ ድነት ይጠፋል ለሚሉትም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ከእነርሱ አብዛኞቹ የወደቀ ሰው ንስሐ ገብቶ ሊመለስ ይችላል ብለው ሲያስተምሩ፣ ምዕራፉ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው መመለሻ የለውም የሚል ይመስላል። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ አንብቦ ያልተቸገረ ወገን ቢኖር ምዕራፉን በጥንቃቄ አላነበበም ማለት ይቻላል።

ጥያቄው በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት የተነሣው በስደት ምክንያት ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ የግዛቱ ነዋሪዎች ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዉና መሠዋታቸውን የሚመሰክር ወረቀት እንዲይዙ አዘዘ። በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ከተገኙት ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት ዛሬም አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሰውየው ስምና መንደር፣ ከዚህ ቀደምም ሁልጊዜ ለአማልክት ሲሠዋ እንደኖረ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት መሥዋዕቱን እንደቀመሰ ከተጻፈ በኋላ የሹማምንቱ ፊርማ ይከተላል። ብዙ ክርስቲያኖች በእስርና በሥቃይ ጸኑ፤ ብዙዎች ደግሞ ፈርተው ሠዉ ወይም ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ጋብ ሲል እነዚህ የወደቁ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለሱ። የካርታጎ ጳጳስ ቆጵርያኖስና በ251 የተሰበሰበው ጉባኤ በንስሐ ዘመን ከተፈተኑ በኋላ እንዲመለሱ ሲወስኑ፣ በሮም የነበረው ኖቫትያኖስ ግን ቤተ ክርስቲያን የካደውን ልትቀበል አትችልም ብሎ ተለየ።

ከዚያም ቀደም ብሎ በሁለተኛው ምእተ ዓመት በሮም የተጻፈው የሄርማስ መጽሐፍ ከጥምቀት በኋላ በከባድ ኃጢአት ለወደቀ ሰው አንድ የንስሐ ዕድል እንዳለው ያስተምር ነበር። ይህ መጽሐፍ በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ በኢትዮጵያ ገዳማት ተጠብቆ የኖረ ሲሆን፣ አንትዋን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ ከጕንዳ ጕንዴ ገዳም ባገኘው ቅጂ መሠረት የግዕዙን ንባብ በ1860 አሳትሞታል። ከዳነ በኋላ ስለወደቀ ሰው የሚደረገው ውይይት ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሚሲዮናውያን ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይህ አንድ መጽሐፍ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው።

ጽናት ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው የጻፈው የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430) ነው። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት በሰሜን አፍሪካና በደቡብ ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ መነኮሳት፣ ሁሉም ነገር በጸጋ ከሆነ የሰው ትጋትና ተግሣጽ ምን ይጠቅማል ብለው ሲቸገሩ፣ አውግስጢኖስ ስለ ጽናት ስጦታ በጻፈው መጽሐፍ እስከ መጨረሻ መጽናት እንደ እምነት ሁሉ ከላይ የሚሰጥ መሆኑን አስረዳ፤ ለዚህም ቤተ ክርስቲያን ዕለት ዕለት በአባታችን ሆይ ጸሎት የምትለምነውን ምስክር አደረገ። ሆኖም ይህ ስጦታ ለማን እንደተሰጠ ሰው በሕይወት ሳለ ሊያውቅ አይችልም ነበር ያለው። እግዚአብሔር የመረጣቸውን በእርግጥ ይጠብቃል፣ አማኙ ግን ከተመረጡት አንዱ መሆኑን እስኪሞት አያውቅም። በዚህ መልክ ያለ እርግጠኝነት የቆመው ዋስትና ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን አስተሳሰብ ይዞ ቆየ።

በ16ኛው ምእተ ዓመት የተነሡት ተሐድሶ አራማጆች የለወጡት በተለይ ይህን የእርግጠኝነት ጥያቄ ነው። ማርቲን ሉተር ኃጢአተኛው በወንጌሉ ተስፋ ላይ ተደግፎ ይቅር መባሉን ሊያውቅ ይገባል ሲል፣ ዮሐንስ ካልቪንም እምነትን የገለጸው የእግዚአብሔርን በጎ ፈቃድ በእርግጥ በማወቅ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ በጥር 1547 ባወጣችው የጽድቅ ውሳኔ፣ ልዩ መገለጥ ካልተሰጠው በቀር ማንም ሰው እስከ መጨረሻ እንደሚጸና በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል፣ አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰውም በሞት ኃጢአት የጸጋውን ስጦታ ሊያጣ እንደሚችል ደነገገች።

ይሁን እንጂ ተሐድሶ አራማጆቹ ራሳቸው በዋስትና ጉዳይ አንድ አልነበሩም፤ ይህንንም የንጉሥ ዳዊት ታሪክ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያጐላዋል። ዳዊት ከቤርሳቤህ ጋር አመንዝሮ ባሏን ኦርዮንን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን እስኪገሥጸው ድረስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ዳዊት የእግዚአብሔር ሰው ነበርን? ሉተር በ1537 ባዘጋጀው የሽማልካልድ አንቀጾች፣ ቅዱሳን እንደ ዳዊት በግልጽ ኃጢአት ሲወድቁ እምነትና መንፈስ ቅዱስ ከእነርሱ እንደሚለዩ አስተማረ፤ በ1530 የወጣው የሉተራውያን የአውግስበርግ መግለጫም አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚለውን ትምህርት አውግዞ ነበር። የካልቪን ወገኖች ግን በዳዊት ውስጥ የእምነቱ ዘር አልሞተም፣ ለዚህም ነው የናታን ቃል ሲደርሰው ወዲያው የተሰበረው ይላሉ። ዳዊት የጸለየው የንስሐ መዝሙር፣ በግዕዙ አቈጣጠር 50ኛው፣ ለሁለቱም ማስረጃ ሆነ፤ አንዱ ወገን መንፈስ ቅዱስ እንዳይወሰድበት መለመኑ ሊወሰድ እንደሚችል ያሳያል ሲል፣ ሌላው ዳዊት እንዲመለስለት የጠየቀው የመዳኑን ደስታ ነው፣ መዳኑን ጠፋብኝ አላለም ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ ወደ ፍጥጫ የደረሰው በኔዘርላንድስ ነው። የክርክሩ ማዕከል የሆነው ያኮቡስ አርሚኒየስ (1560–1609) ቤተሰቦቹ በ1575 የእስፓኝ ጦር በትውልድ ከተማው በአውደዋተር ባደረሰው እልቂት ያለቁበት፣ በጄኔቭ በካልቪን ተተኪ በቴዎዶር ቤዛ ሥር የተማረ፣ በአምስተርዳም 15 ዓመት በመጋቢነት ያገለገለ ሰው ነበር። በከተማዋ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የታመሙትን ከቤት ቤት እየዞረ ይጎበኝ ነበር፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ይቅር መባላቸውን እርግጠኛ መሆን አቅቷቸው ከሚጨነቁ ምእመናን ጋር የተገናኘውም በዚህ አገልግሎቱ ነው። በኋላ ላይ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ሁለት ነገሮች አማኝን ይጎዳሉ ይል ነበር፤ አንደኛው ተስፋ መቍረጥ፣ ሁለተኛው ከቸልተኝነት የሚወለድ ከንቱ መተማመን ነው። ያም ሆኖ እውነተኛ አማኝ ፈጽሞ ወድቆ ይጠፋል ብሎ አስተምሮ እንደማያውቅ በ1608 ገለጸ፤ ይህን የሚሉ የሚመስሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች እንዳሉ ግን አልሸሸገም። በ1610 ተከታዮቹ ለመንግሥት ባቀረቡት ባለ አምስት አንቀጽ አቤቱታም የመጨረሻው አንቀጽ፣ አማኞች ሰይጣንን ለማሸነፍ የሚበቃ ኃይል ከክርስቶስ እንደሚቀበሉ ከመሰከረ በኋላ፣ በራሳቸው ቸልተኝነት ክርስቶስን ሊተዉ ይችሉ እንደሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገና በሚገባ መመርመር እንዳለበት ይናገራል። የጦፈ ክርክር ውስጥ ያሉ ሰዎች በእምነት ሰነዳቸው ላይ «ይህን ገና እንመርምረው» ብለው መጻፋቸው እጅግ ሊከበር የሚገባው ነው። የሚያሳዝነው ግን ለምርመራው ጊዜ አልተሰጠም። በ1618 ማብቂያ በጉባኤ ፊት ያቀረቡት የጽሑፍ መግለጫ ጥያቄውን ዘግቶ፣ እውነተኛ አማኞች ፈጽመው ሊወድቁ ይችላሉ ብሎ ነበር።

ያ ጉባኤ በዶርድሬክት ከተማ ከኅዳር 1618 እስከ ግንቦት 1619 በ154 ስብሰባዎች የተካሄደው ሲኖዶስ ነው። ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን ግዛቶች፣ ከስዊስ ከተሞችና ከጄኔቭ መልእክተኞች መጡ፤ ለፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የተዘጋጁት ወንበሮች ግን ንጉሡ እንዳይሄዱ ስለከለከላቸው እስከ መጨረሻው ባዶ ቀሩ። በሲሞን ኤፒስኮፒየስ የሚመሩት የአርሚኒየስ ወገኖች የተጠሩት እንደ ተከሳሽ ነበር፤ በአካሄድ ጉዳይ ለሳምንታት ከተከራከሩ በኋላ ሰብሳቢው ዮሐንስ ቦገርማን በጥር 1619 በቍጣ አስወጣቸው። ሲኖዶሱ ባበቃበት በዚያው ግንቦት፣ ለእነዚህ ሰዎች ከለላ ይሰጥ የነበረው የ71 ዓመቱ አዛውንት መሪ ዮሐን ቫን ኦልደንባርኔቬልት በአገር ክህደት ተወንጅሎ በሔግ አንገቱ ተቀላ፤ ሁለት መቶ ያህል አገልጋዮችም ከሥራቸው ተነሡ። ስለ እግዚአብሔር ጠባቂነት የተዘጋጀ ትምህርት የሰይፍ አጀብ ባያስፈልገው ምንኛ ባማረ ነበር።

ሲኖዶሱ ያወጣው ሰነድ ራሱ ግን በዙሪያው ከነበረው ፖለቲካ የተለየ መንፈስ አለው። አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ጽናት በ15 አንቀጾች ሲናገር የሚጀምረው ከአማኙ ድካም ነው፤ የዳኑት ሰዎች በዚህ ዓለም ሳሉ ከኃጢአት ፈጽመው እንዳልተላቀቁ፣ ለራሳቸው ቢተዉ ሊጸኑ እንደማይችሉ ይገልጻል። ዳዊትንና ጴጥሮስን በስም ጠቅሶ፣ አማኞች በጸሎትና በንቃት ካልኖሩ በከባድ ኃጢአት እንደሚወድቁ፣ በውድቀታቸውም እግዚአብሔርን እንደሚያሳዝኑ፣ ሕሊናቸውን እንደሚያቈስሉ፣ የጸጋውንም ስሜት ለጊዜው እንደሚያጡ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔር ከምርጫው ጽናት የተነሣ መንፈሱን ከእነርሱ ፈጽሞ እንደማይወስድና በቃሉ ለንስሐ እንደሚያድሳቸው የሚናገረው። ይህን ሥራ የሚፈጽመው ወንጌል ሲሰበክ፣ ሲነበብ፣ ሲመክር፣ ሲያስጠነቅቅ፣ ተስፋ ሲሰጥና ምሥጢራት ሲፈጸሙ መሆኑን ደግሞ ይጨምራል። እንግዲህ በዶርድሬክት ትምህርት ዋስትናና ጽናት የማይለያዩ ናቸው፤ እግዚአብሔር ሰውን የሚጠብቀው እንዲጸና በማድረግ ነው። በክህደቱ እየኖረ በአንድ ወቅት ስላደረገው ጸሎት ብቻ የሚተማመን ሰው ከዚህ ሰነድ አንዲት መስመር እንኳ ድጋፍ አያገኝም።

ትምህርቱ ለመጽናናት የታሰበ ቢሆንም በኋላ ሌላ ዓይነት ጭንቀት ወለደ። እውነተኛ አማኝ አይወድቅም ከተባለ፣ ለዓመታት በጉባኤ መካከል ያገለገለ ሰው እምነቱን ጥሎ ሲሄድ መልሱ «መጀመሪያም ከእኛ ወገን አልነበረም» የሚል ይሆናል፤ ለዚህም 1ኛ ዮሐንስ 2፥19 ይጠቀሳል። ይህን የሚሰማ ትሑት አማኝ ደግሞ «የእኔስ እምነት እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ወደ ውስጡ መመልከት ይጀምራል። በ17ኛው ምእተ ዓመት የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ብዙ ገጽ የሞሉት በዚህ ራስን የመመርመር ጥያቄ ነው፤ በ1646 የተጠናቀቀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም አንድ እውነተኛ አማኝ እርግጠኝነት ላይ ከመድረሱ በፊት ረጅም ዘመን ሊታገል እንደሚችል፣ ካገኘውም በኋላ ሊናወጥበት እንደሚችል በምዕራፍ 18 አምኗል። ነገሩ ሲመዘን፣ ድነት አይጠፋም የሚል ሰው ዛሬ እውነተኛ አማኝ መሆኑን ካወቀ ስለ ነገ አይሰጋም፣ ጭንቀቱ ያለው በዛሬው ላይ ነው፤ ድነት ይጠፋል የሚለው ደግሞ ስለ ዛሬው እርግጠኛ ሆኖ ስለ ነገ ይጠነቀቃል። ፍርሃቱ ቦታ ለወጠ እንጂ ከሁለቱ በአንዱም ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህን ሁለተኛውን መንገድ በሰፊው ያስፋፋው ጆን ዌስሊ (1703–1791) ነው። ዌስሊ በግንቦት 1738 በለንደን ኃጢአቱ ይቅር እንደተባለለት በልቡ እርግጠኛ የሆነ፣ ይህንንም እርግጠኝነት ለሁሉ የሰበከ ሰው ቢሆንም፣ በ1751 ባሳተመው ጽሑፍ እውነተኛ አማኝ ሊወድቅና ሊጠፋ እንደሚችል ተከራከረ። የሥራ ባልደረባው ጆርጅ ኋይትፊልድ በካልቪን ትምህርት የጸና ስለነበር በ1740 እና በ1741 መካከል ተቃቃሩ፤ ቢሆንም ፍቅራቸውን መልሰው አደሱ፣ ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት በለንደን የመታሰቢያ ስብከቱን ያደረገው ዌስሊ ነበር። ከዌስሊ የቅድስና ትምህርት በኋላ የመጣው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ አብዛኛው ክፍል ድነት በእምነት በመጽናት ላይ የተመሠረተ ነው የሚለውን ይዞ በዓለም ተሰራጨ።

«አንዴ የዳነ» የሚለው አባባል የዛሬውን መልክ የያዘው በአሜሪካ ነው። የደቡብ ባፕቲስቶች በ1925 ባወጡት የእምነት መግለጫ እውነተኛ አማኞች ሁሉ እስከ መጨረሻ እንደሚጸኑ ሲያስተምሩ፣ በአደባባይ ስብከት ደግሞ እጅ ማውጣት፣ ወደ ፊት መምጣትና የመቀበያ ጸሎት መጸለይ የመዳን ምልክት ተደርጎ እየተለመደ መጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ጸሎቱን የጸለየ ሁሉ ኑሮው ምንም ቢመስል ድኗል የሚል አረዳድ ተፈጠረ። በ1988 ጆን ማካርተር ይህን አረዳድ የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፎ፣ ለክርስቶስ ጌትነት የማይገዛ እምነት የሚያድን እምነት አይደለም ሲል፣ በዳላስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ዜን ሆጅስ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው መልስ፣ ሥራን የእምነት መለኪያ ማድረግ ጸጋን ያጠፋል፣ የማይታዘዝ አማኝ የሚያጣው ሽልማቱን ነው አለ። የሆጅስ ሥጋት በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ሥራውን እየቈጠረ መዳኑን የሚለካ ሰው ዕረፍት አያገኝምና። ሆኖም የዶርድሬክትን አንቀጾች የሚያውቅ ሰው ጽናትን ከዋስትና ነጥሎ መተው ለትምህርቱ ባዕድ መሆኑን ይገነዘባል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የሚነሣው እነዚህ የተለያዩ መሠረቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቆ የጸጋ ልጅነት ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት በእምነት፣ በንስሐ፣ በቅዱስ ቍርባንና በበጎ ምግባር እስከ ሞት የሚኬድ ጉዞ ስለሆነ፣ ጉዞው ሳያልቅ «ድኛለሁ» ብሎ መናገር ለምእመኑ ድፍረት ይመስለዋል። በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የአውግስበርግን መግለጫ የምትቀበል ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ስለዚህ በእምነት ብቻ መዳንን አጥብቃ እያስተማረች መውደቅ እንደሚቻል የሚናገር መሠረት አላት። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናይት ሚሲዮናውያን አገልግሎት የተገኘች ናት፤ ሚሲዮናውያኑን የላከው የአሜሪካ ሜኖናይት ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን ይዞት የኖረው መግለጫም በ1632 በዚያችው በዶርድሬክት ከተማ የጸደቀ፣ ነገር ግን ከሲኖዶሱ የተለየ፣ በንስሐ ሕይወትና በጉባኤ ሥርዓት ላይ የሚያተኩር ነው። የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በዌስሊ በኩል የመጣውን ጥንቃቄ ሲይዙ፣ በመጻሕፍትና በቴሌቪዥን የሚደርሰው የአሜሪካ ባፕቲስቶች ትምህርት ደግሞ ዋስትናን ያጠብቃል። በአንድ የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ምሽት ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው፣ አገልጋዮች ታስረው፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ሲገደሉ፣ ጥያቄው ከመጽሐፍ ክርክርነት አልፎ የኑሮ ጥያቄ ሆነ። እንደ ዳኬዎስ ዘመን ሁሉ የጸናም የራቀም ነበረ፤ የራቀውም ሲመለስ አብሮት የታሰረው ወንድሙ ሊቀበለው ነበረበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወደቀው ሰው «ድነቱን አጥቶ ነበር» ቢባል ወይም «መጀመሪያም አልዳነም ነበር» ቢባል፣ ከሁለቱም ወገን የሚነገረው ጥሪ ንስሐ ግባ የሚል አንድ ቃል ነው።

የልዩነቱ ፍሬ ይበልጥ የሚታየው ድነቱን ለሚጠራጠር ፈሪ ምእመን በሚሰጠው ምክር ነው። ኦርቶዶክሳዊው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ተናዝዞ ቀኖናውን ተቀብሎ እንዲቈርብ ይመከራል። ሉተራዊው መጋቢ ወደ ጥምቀቱና ወደ ጌታ እራት ይመልሰዋል፤ ስሜቱ ቢለዋወጥም በእነዚያ የተሰጠው ተስፋ አይለወጥምና። የዌስሊ ወገን በጸሎት የመንፈስ ቅዱስን ምስክርነት እንዲፈልግና በቅድስና እንዲተጋ ይነግረዋል። የዶርድሬክት ሲኖዶስ ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ 16ኛ አንቀጽ ላይ፣ ሕያው እምነትና የሕሊና ሰላም ገና በውስጣቸው በጕልህ ላልተሰማቸው ሰዎች አንድ ነገር አስፍሯል፤ ስለ ምርጫና ስለ መጣል ሲነገር ሰምተው እንዳይደነግጡ፣ ራሳቸውንም ከተጣሉት ጋር እንዳይቈጥሩ፣ ነገር ግን ቃሉን በመስማትና በመጸለይ ተግተው የበለጠ ጸጋ የሚያገኙበትን ሰዓት በትሕትና እንዲጠባበቁ ይመክራል።